ያልረጠበው ጆንያ

«ወንበሩ ሰው አለው?»

«ነበረው። ወርዷል።»

ሰውየው ተቀመጠ። ፈንታው ቀና ብሎ አላየውም። ዓይኑን በሚኒባሱ መስኮት አሳልፎ የቴፒ መናኸሪያ ላይ ተከለ። ረዳቶች «ሚዛን፣ ሚዛን» እያሉ ይጣራሉ። አንዲት ሴት የሙዝ ዘለላዋ ጣሪያ ላይ እንዲጫንላት ከሾፌሩ ጋር ትከራከራለች። ከማዶ አንድ ፖሊስ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ያስጠርጋል።

የሚያሰጋ ነገር የለም።

ፈንታው በእግሮቹ መካከል የነበረውን ጥቁር ፌስታል በተረከዙ ወደ ጎረቤቱ ገፋው። ጎረቤቱ እግሩን አንሥቶ ከፌስታሉ ወዲያ አሳረፈው። አለቀ። ከውጭ ላየው፣ ቦታ የጠበባቸው ሁለት ተሳፋሪዎች እግራቸውን ያመቻቹ ነው የሚመስለው።

«ውሃ እንዳይነካው» አለ ፈንታው ከንፈሩን ሳያላውስ።

«ስንቴ ትነግረኛለህ?»

«መኪናው አማን ነው፣ ከድልድዩ ማዶ። ነጭ።»

«ዐውቃለሁ። ውረድ።»

ፈንታው ስልክ የተደወለለት መስሎ ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወረደ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ። እሱ ቀጣዩን ለመጠበቅ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆመ። በጀርባ ቦርሳው ውስጥ አሁን ከሰጠው ጋር አንድ ዓይነት የሆነች ሌላ የቆርቆሮ ሣጥን ይዟል። ያቺን እንድትመስል የተሠራች ናት። እውነተኛዋ ከጎረቤቱ ጋር ሄዳለች።

ጎረቤቱ ከፈለኝ ይባላል። ለሚዛን ሰው የጭነት መኪና ደላላ ነው፤ ሁለቱም በስውር ለሚሠሩለት የደኅንነት ቢሮ ግን «ጀንፈል»። ፈንታውም በቢሮው ስልክ ላይ «ገለባ» ነው። ፈንታው የሚለውም ስሙ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ቡና ገዝቷል፣ ታሟል፣ ተስቋል፣ ጎረቤት ቀብሯል። በራሱ ስም የሚጠራው ሰው ከሰማ ቆይቷል። አልፎ አልፎ ሲላጭ መስተዋቱ ፊት ቆሞ ድምፅ ሳያወጣ ይለዋል፤ እንዳይዝግ።

በሣጥኗ ውስጥ ያለው የሰው የልብ በር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዶክተር ወርቅአፈራሁ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ዓመታት የደከሙበት። ደረት ሳይቀደድ፣ ተጣጥፎ በቀጭን ቱቦ ከጭን ይነሣና በደም ሥር ውስጥ ተጉዞ ልብ ሲደርስ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ተጣጣፊ በር ሌሎችም ሠርተዋል። ችግሩ ዙሪያው ነው። በሩ ደህና ይዘጋል፤ በመቃኑና በግድግዳው መካከል ግን ክፍተት ይቀራል። ደም በዚያች ክፍተት እየሾለከ ወደ ኋላ ያፈሳል። ዶክተሩ ለዚህ መላ አገኙለት። በበሩ ዙሪያ ስስ ጨርቅ ጠመጠሙበት። ጨርቁ ደረቅ ሳለ ከወረቀት አይወፍርም፤ ደም ሲነካው ይጠጣና ያብጣል፣ ያገኘውን ክፍተት ሁሉ ይደፍናል።

ጨርቁ ግን ደምና ውሃን አይለይም። ከሰውነት ውጭ አንዴ ከረጠበ ያብጣል። ካበጠ አይታጠፍም። ካልታጠፈ በቱቦው አያልፍም። ያን ጊዜ ከቆርቆሮና ከጨርቅ ቁራጭ የተለየ ዋጋ የለውም።

ማናልሞሽ የምትባል የሦስት ልጆች እናት አዲስ አበባ ተኝታ ይህን በር ትጠብቃለች። ቀደም ብሎ የገባላት በር በጎኑ ያፈሳል። ደረቷ ዳግመኛ ቢከፈት አትነሣም። ይህኛው በእሷ ልብ ልክ የተሠራ ነው፤ ሌላ ለመሥራት ወራት ይፈጃል፤ እሷ ደግሞ ወራት የላትም። ስሟን የነገረችው በስልክ ብቻ የሚያውቃት አለቃው «ወንፊት» ናት። መንገር አልነበረባትም። ጠይቆ ስላስጨነቃት ነው።

በሩን ከሥራ ቦታው የሰረቁት ሰዎች ከድንበሩ ማዶ መጥቶ ዲማ ላይ ለሚረከብ ገዢ ሸጠውታል። ገዢው ፈቶ ሊቀዳው ነው። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚፈተሽ መንገዱን በቡና አገር አደረጉት። የሚዛኑ አስተላላፊ ደግሞ የፈንታው አሠሪ፣ የቡና ነጋዴው ጋሽ ብርሃነመስቀል ናቸው። ትናንት በቴፒ ሣጥኑን ተረክቦ ዛሬ በጭነት መኪና ዲማ እንዲያደርስ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የቢሮው ትእዛዝ ሌላ ነው፦ እውነተኛውን ለጀንፈል ስጥ፤ ነጩ መኪና በጂማ በኩል አዲስ አበባ ያደርሰዋል። መሳዩን ይዘህ ወደ ዲማ ሂድ፤ ገዢው እጁን ሲዘረጋ እንይዘዋለን።

ሚዛን ሲደርስ ሰማዩ ከብዷል። ኅዳር ነው፤ በዚህ አገር ግን ዝናብ ወር አይመርጥም።

የእጮኛው የወለላ የሰልባጅ ልብስ መደብ ገበያው መግቢያ ላይ ነው። ሳያያት ቢያልፍ ኖሮ ደህና ነበር። አየችው። የሁለት ሱሪ ዋጋ እየተከራከረች በአንድ እጇ ጠራችውና ደንበኛዋን ሳትለቅ ወሬዋን ነገረችው። ለሠርግ የተዘጋጁ ጥንዶችን የሚያስተምሩት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ትናንት ደግመው ጠይቀዋታል፤ ከሙሽራው በኩል የሚመጣው ማን ነው? ፈንታው ወላጆቹ እንደሞቱ ከነገራት ቆይቷል። በሕይወት አሉ። እሱ ነው ለእነሱ የሞተው።

እሷ ግን መላ አግኝታለች። የእሷ ዘመዶች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ በእሱ በኩል ይቀመጣሉ። አክስቶቿ ገና ከአሁኑ የሙሽራው እናት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ተባብለው ተጣልተዋል። ይህን ስትል ሳቀች። እሱም ሳቀ። በዚህች ቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ «ስለ ወንድማችን ፈንታው» ተብሎ ይጸለይለታል። ፈንታው የሚባል ሰው ስለሌለ ጸሎቱ የት እንደሚደርስ አያውቅም።

ስልኩ ጠራ። ከመደቡ ራቅ አለ።

«ጀንፈሉ አልደረሰም» አለች ወንፊት።

«ከእኔ በፊት ነው የተጫነው።»

«መኪናው ባዶውን ቆሟል። ስልኩ ዝግ ነው።»

ፈንታው ጀርባውን ለወለላ ሰጠ።

«ሴትዮዋስ?»

«ነገ ጠዋት ወደ ሕክምናው ያስገቧታል። ከዚያ ካለፈ አያስፈልጋትም።»

የጋሽ ብርሃነመስቀል መጋዘን በፖሊስ ቢከበብስ ብሎ ጠየቀ። እምቢ አለች። የተከበበ ሰው አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ በሩን ነክሮ መረጃውን ያጠፋል።

«ፈልገህ አግኘው» አለች። «ደረቁን።»

የጋሽ ብርሃነመስቀል መጋዘን በር ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ለውዝ የሚበላ ሰው አለ።

ከፈለኝ።

ፌስታል የለውም። ጃኬቱ በቀኝ በኩል ከብዶ ወርዷል፤ ሽጉጥ ነው። ፈንታውን ሲያይ እንደማንኛውም ቀን ሰላም አለው፣ ከለውዙም ዘገነለት። አጠገባቸው ጫኝና አውራጆች እየተመላለሱ ነው። እሱና ከፈለኝ ሁለቱም የጋሽ ብርሃነመስቀል ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም የቢሮው። አንዱ አፉን ቢከፍት ሁለቱም ይሞታሉ።

«መኪናው ጠብቆሃል» አለ ፈንታው ለውዙን እየላጠ።

«የትኛው መኪና?»

«ጀንፈል።»

«ስሜ ከፈለኝ ነው» አለ ሰውየው። ድምፁ አልተቆጣም። የደከመው ይመስላል። «እኔም ዛሬ ዲማ እወርዳለሁ። ጭነቱን አደርሳለሁ።»

ፈንታው ገባው። ከፈለኝ ቢሮውንም ነጋዴውንም አንድ ላይ ከድቷል። ነጋዴው መሳዩን ወደ ዲማ ሲልኩ፣ እሱ እውነተኛውን በዚያው መኪና ይዞ ወርዶ ከገዢው ጋር ለብቻው ሊነጋገር ነው። የት እንዳስቀመጠው ግን አይታወቅም። በኪሱ አይደለም፤ በዲማ መንገድ ኬላ ላይ በወርቅ ኮንትሮባንድ ምክንያት መንገደኛን ጫማ አስወልቀው ይፈትሻሉ። በቆርቆሮ ሣጥኑም አይደለም፤ ጆንያ የሚወጋው የፈታሾቹ ብረት ቆርቆሮ ሲነካ ይጮሃል። አውጥቶታል። በጨርቅ ብቻ ጠቅልሎ የሆነ ቦታ ከቶታል።

ከፈለኝ ለውዙን እየቆረጠመ ዓይኑ የሚመላለሰው ወደ ጭነቱ ነው።

ቡና ውስጥ ነው።

ግን ከመቶ በላይ ጆንያ አለ። ሁሉም ተሰፍቷል።

መጋዘኑ ውስጥ ማቴዎስ የአትክልት ማጠጫ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል። የጫኞቹ ካቦ ነው፣ የወለላ ታላቅ ወንድም፣ የሸኮ ልጅ። ፈንታውን ካየ ሳይቀልድ አያልፍም።

«አማች፣ ደረስክ? ቡናችንን እያጠመቅን ነው» አለው። «ጋሼ እንደ ለመዱት በመርጨት ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ድፍቅ አድርገን እንነክረው ነበር።»

በዚህ አገር ለመመዘን የሚቀርብ ቡና ውሃ ይረጭበታል። ክብደት ይጨምራል። ዲማ ያሉት ቸርቻሪዎችም ይህን ያውቃሉ፤ ሲገዙ ለእርጥበቱ ብለው ይቀንሳሉ። ቀናሹ እንደሚቀንስ ስለሚታወቅ ረጪው ጨምሮ ይረጫል። ማንም በማንም አይቆጣም። ያልረጨ ነጋዴ ቢገኝ ዲማ ላይ እንደረጨ ተቆጥሮ ይቀነስበታል፤ ስለዚህ ታማኙም ይረጫል።

ፈንታው ቆሞ የማጠጫውን ውሃ አየ። ውሃው ከላይ በጆንያው ቃጫ ውስጥ እየሰረገ ይገባል።

በአንዱ ጆንያ ውስጥ ውሃ መንካት የሌለበት ነገር አለ።

እንግዲያው አንዱ ጆንያ አልረጠበም።

መጫን ተጀመረ። ሰዎቹ ጆንያውን በትከሻቸው አድርገው ከመጋዘኑ ወደ ኢሱዙው በሳንቃ ይወጣሉ። ፈንታው የቆጣሪ ቦታውን ያዘ፣ ከሳንቃው ግርጌ። ቆጣሪ እያንዳንዱን ጆንያ ሲያልፍ በመዳፉ መታ ያደርገዋል፤ የቆየ ልማድ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ከፈለኝም አይለውም። ደላላ ነው፤ ቡና ያጓጉዛል እንጂ ቡና አይነካም።

የረጠበ ጀንፈል፣ ገለፈቱ ያልተፈለፈለ ቡና፣ ሲመቱት ድምፁ ይታፈናል። ከነገለፈቱ ደህና የደረቀ ግን እርስ በርሱ ይንኳኳል።

ድም።

ድም። ድም።

ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ለውዙን ጨርሶ እጁን አራገፈ።

ድም። ድም። ድም።

ክንዱ መዛል ጀመረ። መኪናው ከግማሽ በላይ ሞላ። ምናልባት ተሳስቷል። ምናልባት በሩ እዚህ የለም፤ እሱ ቡና ሲደበድብ ማናልሞሽ እዚያ…

ኮሽ።

እጁ አልቆመም። ቀጣዩን መታ። ድም። የሚቀጥለውንም። ዓይኑን ሳያነሣ ጆሮውን ብቻ ወደ መኪናው ላከ።

«እሱን ከኋላ አድርገው» አለ ከፈለኝ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ጥግ ላይ።»

የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። ከፈለኝ በሳንቃው ወጥቶ ሸራውን ራሱ ጎትቶ በዚያች ጥግ ላይ ሁለት እጥፍ አደረገው። ደላላ ሸራ ሲያለብስ ሚዛን ከተማ ታይቶ አይታወቅም።

ፈንታው ዋናውን ሥራ አስቀደመ። መሳይዋን ሣጥን፣ ጋሽ ብርሃነመስቀል በመስኮት እያዩት፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር አኖራት። ከዚያ ወደ ቢሯቸው ገባና ሾፌሩ ኪራይ ጨምሩልኝ እያለ እንደሆነ፣ ደላላው ካልዳኘ መኪናው እንደማይነሣ ነገራቸው። ሾፌሩ እንደዚያ አላለም። ቢጠየቅ ግን እንደሚል ፈንታው ያውቃል። ጋሽ ብርሃነመስቀል ከመስኮቱ ብቅ ብለው ደላላውንም ሾፌሩንም ጠሩ።

ከፈለኝ አመነታ። ጭነቱን አየ። ፈንታውን አየ። አሠሪ ሲጠራ አለመሄድ ግን ምክንያት ይፈልጋል። ገባ።

ዝናቡ ለቀቀው። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያሰማም።

«ማቴ» አለ ፈንታው ጆሮው ሥር። «ለሠርጉ ጋሼ አንድ ጆንያ ፈቅደውልኛል። ያቺን የኋላዋን አውርድልኝ።»

ማቴዎስ ወደ ጥጉ አየ። «የከፈለኝን? እሷ እኮ የቤቴ ናት፣ አታርጥቧት ብሎ ለብቻ ያስቀመጣት ናት።»

«እሱው ነው የሰጠኝ። ለሙሽሮቹ ይሁን አለ።»

ማቴዎስ ፈንታው የሚነግረውን ውሸት ሁሉ ሁለት ዓመት ሲያምን የኖረ ሰው ነው። ፊቱ በሳቅ ተከፈተ።

«ደላላ ሲሰጥ አየሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም» አለና በሳንቃው ሮጦ ወጣ።

ጆንያውን በራሱ ትከሻ አወረደው። መሬት ሳያስነካ፣ የለበሰውን የዝናብ ካፖርት አውልቆ ጠቀለለበት። እሱ በሸሚዙ ቀረ። ውሃው ከፀጉሩ በጉንጩ እየወረደ ባጃጅ በፉጨት ጠራ።

«ካፖርትህን ልበስ» አለው ፈንታው።

«ተወው። የወለላ ቡና አይረጥብም።»

ባጃጁ ሲነሣ ፈንታው ወደ ኋላ አላየም። ሊያይ አልቻለም።

ቁልቁል ወደ አማን። የባጃጁ የጎን ሸራ በነፋሱ ይርገበገባል፤ ዝናቡ በግራም በቀኝም ይገባል። ፈንታው በካፖርቱ ሥር እጁን ሰደደና ስፌቱን በቢላ ፈታ። ግማሹን ቡና ባጃጁ ወለል ላይ ዘረገፈ፤ ሾፌሩ ዞሮ አየውና ሰውየው እንዳበደ ገብቶት ነዳጁን ጠመዘዘ። በቀረው ቡና ውስጥ ጣቶቹ ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አገኙ።

ደረቅ ነው።

ቋጠሮውን አላወጣውም። በዚህ ዝናብ ከዚህ ደረቅ ቡና የተሻለ ሣጥን አያገኝለትም። የጆንያውን አፍ ጠምዝዞ፣ ካፖርቱን መልሶ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቀፈው።

ከኋላ የሞተር ሳይክል ድምፅ መጣ።

ድልድዩ ሲታይ ባጃጁ ጎርፍ ውስጥ ገባና ሞተሩ ታነቀ። አንዴ ተንገጫግጮ ጠፋ። ከድልድዩ ማዶ ነጭ መኪና ቆሟል፤ በዝናቡ ውስጥ ጥላ ብቻ ይመስላል። ፈንታው ወረደ። ሾፌሩ ሽጉጥ ሲያይ ባጃጁን ጥሎ ወደ ቡናው ጫካ ገባ።

ከፈለኝ ሞተሩን ጭቃው ላይ ለቀቀው። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

«አስቀምጠው።»

«ጭቃው ላይ?»

«ገለባ፣ አትቀልድብኝ።»

ፈንታው ፊቱን ወደ እሱ እንዳዞረ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ጆንያውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። ከፈለኝ አፈሙዙን ደረቱ ላይ አነጣጠረ፤ ከደረቱ ፊት ግን ጆንያው አለ።

«ተኩስ» አለ ፈንታው። «ካፖርቱ ይበሳል። ዝናቡን ታየዋለህ።»

ከፈለኝ ሽጉጡን ከፍ ዝቅ አደረገ። ቦታ አጣ። ፈንታው ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ስማኝ» አለ ከፈለኝ። «ስድስት ዓመት። እናቴ ስትሞት ደላላ መስዬ ሐዘን ሳልቀመጥ ቀረሁ። እነሱ ይህን ያውቃሉ? ወንፊት ስትሾም አየሃት? እኔ መሸጥ የፈለግሁት በሩን አይደለም። በራሴ ስም የምኖርበት አገር ልገዛ ነው።»

የተናገረው ውሸት አይደለም። ፈንታው ከከፈለኝ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ጠይቆ የሴትዮዋን ስም ሰምቷል።

«ማናልሞሽ ትባላለች» አለ።

«ማን?»

«በሩን የምታስቀርባት።»

ከፈለኝ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ሽጉጡ ወርዶ ነበር። ወደ ፈንታው እግር።

ተኩሱ በዝናቡ ውስጥ የእንጨት ስብራት ያህል ተሰማ። ጥይቱ የፈንታውን ታፋ መታው። በጎኑ ወደቀና ተንከባሎ በሆዱ ጆንያው ላይ ተኛ። ጀርባውን ለሰማይ ሰጠ። ጎርፉ በእጆቹ ዙሪያ እየመጣ ነው፤ ጆንያውን ከመሬት አንሥቶ በክርኖቹ ላይ ተሸከመው።

የነጩ መኪና በር ሲከፈት ሰማ። ሩጫ ሰማ። ሁለተኛ ተኩስ አልመጣም። ቀና ሲል ሁለት ሰዎች ከፈለኝን በጭቃው ላይ በጉልበቱ አንበርክከው እጁን ወደ ኋላ ያስሩታል። አልታገላቸውም። እነሱንም አያይም። የሚያየው ጆንያውን ነው።

«ውሃ ነካው?» አለ።

«አልነካውም» አለ ፈንታው።

ከፈለኝ ራሱን ነቀነቀ። ደስ ብሎት ይሁን ቆጭቶት፣ ፈንታው እስከ ዛሬ አያውቅም።

መኪናው የጂማን መንገድ ያዘ። በሩ ከቡናው ወጥቶ፣ ለእሱ በተዘጋጀ መያዣ ታሽጎ ፊት ወንበር ላይ ታስሯል። ፈንታው ከኋላ ተጋድሟል፤ ታፋው በቀበቶ ታስሯል። ወንፊት በስልክ ሁኔታውን ነገረችው። የጭነት መኪናው ወደ ዲማ ተነሥቷል። ጋሽ ብርሃነመስቀል መሳይዋን ሣጥን ከሾፌሩ ወንበር ሥር ስላገኟት ልባቸው አርፏል፤ ሌላ ሰው አሳፍረው ልከዋታል። ያን የሚያህል ዕቃ ትቶ አንድ ጆንያ ቡና የሰረቀ ሞኝ ብለው ስቀዋል። ደላላውም የሌባው ግብረ አበር ነው ብለዋል። ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም፤ ዲማ ላይ ወጥመዱ እስኪዘጋ መጠርጠርም የለበትም። ጆንያውን ከመኪናው ያወረደውን ካቦ ግን ለፖሊስ ሰጥተውታል። ለታሪኩ ይመቻል አለች፤ ሦስት ሌቦች፣ አንደኛው እጅ ከፍንጅ።

«ማቴዎስ ይፈታ» አለ ፈንታው።

«አሁን ብንነካው ያስነቃል።»

«አያስነቃም። ፈንታው አታለለው፤ ለሠርጌ ነው ብሎ ዋሸው። እውነቱም ይኸው ነው። ሌባው እኔ ብቻ ነኝ ይበሉ።»

«እንደዚያ ከተባለ ሚዛን አትመለስም። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላም ቢሆን። ማስተባበል አይኖርም።»

«ይገባኛል።»

ወንፊት እሺ አለች።

ብዙም ሳይቆይ ሌላኛው ስልክ ጠራ፤ የፈንታው ስልክ። የወለላ ስም መስታወቱ ላይ በራ። ከፊት ያለው ሰው ዞሮ አየውና እንዳይናገር በእጁ ምልክት ሰጠው። ፈንታው አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገው።

መጀመሪያ ትንፋሿን ሰማ። ስታለቅስ ቆይታ ያቆመች ሰው ትንፋሽ ነው።

«እየሰማኸኝ ነው አይደል» አለች። «ቡና አጥተህ ነው? አባቴ ጓሮ እኮ ሞልቷል። ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ወንድሜን ውሃ እየወረደበት በካቴና ሲወስዱት ሰው ሁሉ አየው። እኔ ግን አሁንም፣ አንድ ነገር ቢኖር ነው እላለሁ። ካለ ንገረኝ። አንድ ቃል በል፤ እጠብቅሃለሁ።»

መኪናው መታጠፊያ ላይ ደረሰ። ዝናቡ እዚህ የለም። የከሰዓቱ ፀሐይ በቡናው ዛፎች መካከል እየገባ ይወጣል።

አንድ ቃል በቂ ነበረች። ያቺ ቃል ከወለላ ለማቴዎስ፣ ከማቴዎስ ለጫኞቹ፣ ከጫኞቹ ለጋሽ ብርሃነመስቀል ከዲማ መኪና ቀድማ ትደርሳለች።

አልተናገረም።

ወለላ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ «ጌታ ይቅር ይበልህ፣ ፈንታው» አለችና ዘጋችው።

ሲም ካርዱን አውጥቶ በጥርሱ ሰበረው። በመስኮቱ ጣለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በክራንች መሄድ ሲጀምር ወንፊት ደወለች። ዲማ ላይ ገዢው ከነረዳቶቹ ተይዟል፤ ጋሽ ብርሃነመስቀልም ተከትለዋል። ማቴዎስ በማግስቱ ወጥቷል። ስለ ሌላው ነገር እሱ እስኪጠይቅ አልተናገረችም። ሲጠይቅ፣ ጨርቁ አብጦ ዙሪያውን መያዙን፣ ዶክተር ወርቅአፈራሁ በመሣሪያው ደጋግመው ፈልገው በጎን የሚያፈስ ጠብታ እንዳላገኙ ነገረችው። ሴትዮዋ ተነሥታ መቀመጥ ጀምራለች። ከዚያ አዲሱን ስሙን ሰጠችው፤ ሩቅ ያለ ከተማ፣ የሲሚንቶ ንግድ። ወለላን በሩቁም ቢሆን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቃት።

«ወለላን የሚያውቃት ፈንታው ነው» አለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። «አንተ አታውቃትም።»

አዲስ አበባን ከመልቀቁ በፊት ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ማንም አላዘዘውም። የጥየቃ ሰዓት ስለነበር በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ምሳ ዕቃ በፎጣ የቋጠሩ፣ ብርቱካን በፌስታል ያንጠለጠሉ። ሁለት ልጆች አንድ ታላቅ እህታቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ከፊቱ ቆመዋል። ትንሹ እማዬ ዛሬ ትቆማለች ወይ እያለ ይነዘንዛታል፤ እሷም ዝም ካላልክ አላስገባህም ትለዋለች። የማን ልጆች እንደሆኑ አልጠየቀም።

ልጆቹ ገቡ። ተራው ደረሰ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፤ ክራንቹን አይተው ድምፃቸውን አለዘቡ።

«ማንን ልትጠይቅ ነው ልጄ?»

«ማናልሞሽ የምትባል ናት። የልብ ክፍል።»

«ምኗ ነህ?»

አፉን ከፈተ። የሚለው ቃል ፈለገ። ስም ፈለገ፤ የራሱን፣ የፈንታውን፣ አዲሱን። አንዱም ለዚህ ጥያቄ አይሆንም።

«ምኗም አይደለሁም» አለ።

ሽማግሌው ትንሽ አዩት። ከኋላው ያለችው ሴት የምሳ ዕቃዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እንግዲያው ለዘመዶች መንገድ ልቀቅ» አሉት።

ለቀቀ።